ሊቀ ወረቀት ዶን ኤርሞሄኔስ እና የአክስቴ ምራቂ ጆንያ

በዓለም ላይ ያለ ባንክ ሁሉ ሁለት ዘበኛ አለው። አንደኛው ጠመንጃ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ እሱን ማንም አይፈራውም፤ ስለ ኳስ ያጫውታችኋል፣ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላችሁን ይይዝላችኋል። ሁለተኛው ከመስታወቱ ጀርባ ማስመሪያ ይዞ ይቀመጣል። ባንኩን የሚጠብቀው እሱ ነው። ጠመንጃ ያልበገረው ሽፍታ እንኳ እዚህኛው ፊት ሲደርስ ቆቡን አውልቆ «ይቅርታ፣ ምን ጎደለኝ?» ይላል።

ዘሩ በየቦታው አለ፤ ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ «ፎቶው ላይ ግራ ጆሮዎ አይታይም» ብሎ የሚመልሳችሁ እሱ ነው። የአባታችሁን የሞት ምስክር ወረቀት ልታወጡ ማዘጋጃ ቤት ስትሄዱ «ባለጉዳዩ ራሳቸው ለምን አልመጡም?» የሚላችሁም እሱ ነው። የዘሩ ቁንጮ ግን የኛው ነው፤ በወደብ ከተማችን በጓያኪል፣ ከወንዙ ዳር አንድ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ባንክ፣ የውጭ ንግድ ክፍል። ስሙ ዶን ኤርሞሄኔስ ቶማላ ይባላል። እኛ ዕቃ ወደ ውጭ የምንልክ ነጋዴዎች እሱ በሌለበት የምናነሳው ግን በሙሉ ማዕረጉ ነው፦ ክቡር ሊቀ ወረቀት፣ ርእሰ ማኅተም፣ ዐቃቤ ነጠላ ሰረዝ።

ሊቀ ወረቀት አጭር ነው፤ ነጭ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ድረስ ይቆልፋል፤ ያውም ግድግዳው ሳይቀር በሚያልበው በኛ ከተማ። ከራሱ በላይ ያለውን ማራገቢያ ወረቀት ያገላብጣል ብሎ አስጠፍቶታል። ስለዚህ ፊቱ የቆመ ሰው ሁሉ ምንም ባያጠፋ እንኳ እንደ ጥፋተኛ በላብ ይታጠባል። እሱ ብቻ አያልበውም። ሲያነብ ማስመሪያውን ከያንዳንዱ መስመር ሥር ያስቀምጣል፤ ከንፈሩ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ማስመሪያው አንድ ቦታ ላይ ቆም ሲል፣ እናንተም እዚያው ትቆማላችሁ፣ ትንፋሻችሁም ይቆማል። «አይገጥምም» ይላል። በቃ። ሌላ ሰው ስድብ በሚጨርስበት ጊዜ እሱ በዚያች አንድ ቃል ብቻ ኑሮ አፍርሶ ይነሳል።

ለማያውቅ ነገሩን ላስረዳ፤ እኔም የተማርኩት በመከራ ነውና ማስረዳት ደስ ይለኛል። የምልከውን ካካዎ፣ ቸኮላት የሚሠራበትን ፍሬ፣ የሚገዛው ሰው ጄኖዋ ነው፣ እኔ ጓያኪል ነኝ። እሱ ዕቃው ሳይላክለት መክፈል አይፈልግም፤ እኔ ክፍያው ሳይረጋገጥልኝ መጫን አልፈልግም፤ በመሃላችን ውቅያኖስ ተኝቷል። ስለዚህ ገዢው ባንኩ ሄዶ ኤልሲ ይከፍታል። ኤልሲ ማለት የባንክ ቃል ነው፦ ይህች ሴት እነዚህን ወረቀቶች፣ እስከዚህ ቀን ድረስ፣ እንዲህ እንዲህ ሆነው ካመጣች እከፍላታለሁ ይላል። የኛ ባንክ ደግሞ ከጎኑ ይቆምና «እነሱ ቢያቅማሙም እኔ እከፍላታለሁ» ብሎ ይጨምርበታል። ሽምግልና ተልኮ የተሳካ ነው የሚመስለው። እኔ መጀመሪያ ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ቃሉ የተገባው ለወረቀቱ ነው። ካካዎ ማለት ለሊቀ ወረቀት ኢንቮይስ በሚባለው የሽያጭ ዝርዝር ላይ የተጻፈ አንድ ቃል ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ሽሪምፕ የሚልከው ዶን አቤላርዶ ቾዬስ ይህን ሳያውቅ ሸመገለ። አንድ ጊዜ መድን የገባው መርከቡ በተነሳ ማግስት ሆኖ ተገኘ። ሊቀ ወረቀት ማስመሪያውን አቆመ። ዶን አቤላርዶ ሳቀበት፤ መርከቡ እኮ በሰላም ደርሷል፣ ሽሪምፑ ተበልቶ አልቋል፣ የበሉት ሰዎችም ደህና ናቸው አለው። ሊቀ ወረቀት ቀና ብሎ አየውና «ያቺን አንድ ቀን ማን ጠበቃት?» አለ። ዶን አቤላርዶ እስከ ዛሬ ቢራ ሲጠጣ ሁሌ ስለዚያች ስለተጣለች ቀን ነው የሚያወራው።

ሙዝ የሚልከው ጎረቤቴ ደግሞ ኤልሲው «ከጓያኪል ወደብ» ብሎ እያለ የወንዙ ውሃ ጎድሎበት ታች ባሕሩ አፍ ላይ፣ ፖሶርሃ፣ ጫነ። ወንዙ ያው ወንዝ ነው፣ የሚፈሰው እዚያው ነው እያለ ተከራከረ። ሊቀ ወረቀት በትዕግሥት ሲያዳምጠው ቆየና እንግዲያው ወንዙን ያቅርቡልኝና ላንብበው አለው።

ሊቀ ወረቀት ከባንኩ ውጭም እንዲሁ ነው ይላሉ፤ ይህን እንኳ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ኤንሴቦያዶ የምንበላባት ቤት አለች፤ የዓሣ ሾርባው ሽንኩርት ተነስንሶበት፣ ቀጭን የሙዝ ጥብስ ከጎኑ ሆኖ ይመጣል። አንድ ቀን ጥብሱ አልቆባቸው በዳቦ አቀረቡለት። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የምግብ ዝርዝር ለረጅም ጊዜ አየ፣ ሳህኑን አየ፣ አስተናጋጇን ጠራት። ዳቦ እንደሚወድ ነገራት። ሾርባውም እጅግ ጥሩ እንደሚሸት መሰከረላት። ከዚያ መለሰው። የልጅ ልጁ ክርስትና ላይም አልተገኘም ይባላል፤ የጥሪ ወረቀቱ «ዶን ኤርሞሄኔስ ከባለቤታቸው ጋር» ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ ያን ቀን ጉንፋን ይዟታል። ብቻዬን አልተጠራሁም አለ አሉ።

እንግዲህ በዚህ ሰው ፊት ነው አክስቴን ዶሪላን ያቀረብኳት። ስለ አክስቴ ሳልነግራችሁ ይህን ጉድ አትረዱትም።

አክስቴ ካካዎ በሚበቅልባት በቪንሴስ ነው የምትኖረው፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ ፊት ለፊት ካካዎ የሚሰጣበት ሰፊ የሲሚንቶ ማስጫ አለ፤ ሕይወቷን ሙሉ እዚያ ላይ በባዶ እግሯ እየተራመደች ፍሬውን ስታገላብጥ ኖራለች፤ በተረከዟ ብቻ መድረቁን ታውቃለች። ካካዎአችንን የሚገዛን ሁሌም ደላላው ነበር፤ ሚዛኑ ላይ አውራ ጣቱን ጭኖ የሚመዝን፣ እኛም አይተን እንዳላየን የምናልፈው ሰው። ባለፈው ዓመት ግን እኔና አክስቴ ጨከንን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳችን ስም ልንልክ ቆረጥን። የጄኖዋው ቸኮላት ሠሪ ኤልሲ ከፈተልን። የጎረቤቶቹን ካካዎ መግዣ ስላልነበረን ቤቷንና ማስጫውን አስይዘን ተበደርን። ኤልሲው ከተከፈለ ነጻ ወጣን። ካልተከፈለ አክስቴ በሰባ ሦስት ዓመቷ ከዚያ ሲሚንቶ ላይ ልትነሳ ነው። ነገሩ ይኸው ነበር።

አክስቴ አንድ አመል አለባት፤ ያለ ምራቂ አትሸጥም፣ ያለ ምራቂ አትገዛም። እኛ ዘንድ ያፓ ይባላል፤ ደርዘን ብርቱካን የሸጠ አሥራ ሦስተኛውን ካልጨመረ ሰው ፊት ይነሳዋል። አክስቴ ግን ከሁሉም ትብሳለች። ፋርማሲ ገብታ ክኒን ከገዛች ባለ ነጭ ጋወኑ አንድ ፍሬ ካልጨመረላት አትወጣም። ባሏ የሞተ ጊዜ መቃብር ስትገዛ እንኳ አበባ የምትተክልበት አንድ ክንድ መሬት አስመርቃ ነው የተመለሰችው። ስትሰጥም እንዲሁ እጇ አይሰስትም።

ኤልሲው ሁለት መቶ ሃምሳ ጆንያ ይላል። አክስቴ በጭነቱ ቀን ከራሷ ጓሮ የተለቀመ፣ ከሁሉ የበለጠውን አንድ ጆንያ ጨመረች። ሰውዬው ፊታችንን ሳያይ አምኖን ይህን ሁሉ ገዝቶ ባዶ እጁን ልንሸኘው ነው ወይ አለች። እኔስ? እኔ ልከለክላት ነው? ኩራት በኩራት ሆኜ ኢንቮይሱ ላይ በገዛ እጄ አሰፈርኩት፦ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ጆንያ፣ ከዚህ ውስጥ አንዱ ያለ ዋጋ የተሰጠ ምራቂ። ወደቡ ላይም ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ተቆጠረ፤ የመርከቡ ወረቀትም ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ብሎ ወጣ። መርከቡ ወንዙን ይዞ ወረደ።

ረቡዕ ዕለት ወረቀቴን ይዤ ሊቀ ወረቀት ፊት ተቀመጥኩ። ኤልሲው የሚያበቃው አርብ ነው። ማስመሪያው ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።

«ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ» አለ።

«አዎ፤ አንዱ ምራቂ ነው።»

«ኤልሲው ምራቂ አይልም፣ ዶኛ አዙሴና።»

«ምራቂ እኮ እንዲሁ ይሰጣል እንጂ አይጻፍም፣ ዶን ኤርሞሄኔስ።»

«ታዲያ ለምን ጻፉት?»

መቼም የተሰጠው ከታዘዘው በለጠ እንጂ አላነሰም፣ የሚከፋው ሰው ይኖራል ወይ አልኩት። መልሱን ዛሬ ድረስ አስታውሰዋለሁ። በለጠ፣ አነሰ፣ ተሻለ የሚባለው የገዢውና የሻጩ ወሬ ነው፤ ባንክ ውስጥ ያለው ገጠመና አልገጠመም ብቻ ነው አለኝ። ደግሞ ጄኖዋ ጉምሩክ ላይ ያልታዘዘ ጆንያ ሲወርድ ቀረጡን ማን ሊከፍል ነው? ማንስ ያስረዳል? ምራቂው በነጻ የተሰጠ መሆኑ ቢጻፍም ያው ነው፤ ያልታዘዘ ዕቃ ያልታዘዘ ነው። ከፈለግኩ ገዢው ልዩነቱን ይቀበል እንደሆነ ላስጠይቅ እችላለሁ አለና ወረቀቱን አስተካክሎ፣ ጠርዝ በጠርዝ ገጥሞ፣ ወደኔ ገፋው።

ገዢው እዚህ ከተማ ወኪል አለው፤ ዶቶር ኦቶኔሎ የሚባል፣ ከእሱ ቀድሞ ሽቶው የሚደርስ ሰው። ስልክ ደወልኩለት። በጣም ጣፋጭ ሆኖ አነጋገረኝ፤ ምራቂ እንዴት ያለ ውብ ባህል ነው አለ። ከሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። የካካዎ ገበያ ሰሞኑን ዝቅ ዝቅ እያለ ነው፤ ዋጋውን ሩብ ያህል ብንቀንስለት ገዢው ልዩነቱን ይቀበላል አለኝ። ሩብ ከተቀነሰ ማስጫው ሄደ ማለት ነው። አንድ ጆንያ በነጻ ስለሰጠነው የቀረውን በቅናሽ ሊወስድ! ስልኩን ዘግቼ ለአክስቴ ነገርኳት። ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ከቪንሴስ ከተፍ አለች፤ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ በጨርቅ የታሰረ ካካዎ ይዛ።

ሊቀ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁን ፈታችው። «አሽትት፣ ልጄ» አለችው።

ሊቀ ወረቀት ትንፋሹን ያዘ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ደረቱ ቆመ። «ዶኛ ዶሪላ፣ እኔ አሽትቼ እንድፈርም አልተፈቀደልኝም» አለ፤ አየር ሳያስገባ ስለተናገረ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«አፍንጫህን ባንኩ ነው የገዛው?»

«በሥራ ሰዓት፣ አዎ።»

አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወረቀት ምን እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ወረቀት ዝናብ መትቶት ያውቃል ወይ፣ ወረቀት በሌሊት ዳመና ሲመጣ ተነስቶ ካካዎ ሸፍኖ ያውቃል ወይ አለችው። እናቱ ገበያ ወስዳው እንደማታውቅ፣ ብትወስደው ምራቂ ምን እንደሆነ ባወቀ ነበር አለችው። ሊቀ ወረቀት ሁሉንም አዳመጠ፤ አንዱንም አልተቀየመም። በመጨረሻ ግን ከዚህ ወንበር ባዶ እጇን ከተነሳች ከዚያ ማስጫ ላይም እንደምትነሳ በዝግታ ስትነግረው፣ ማስመሪያውን አንስቶ በመሃረብ ይጠርግ ጀመር። ንጹሕ ነበር ማስመሪያው።

«ባንክ ምክር አይሰጥም» አለ ለማስመሪያው። «እኔ የማነበው የቀረበልኝን ወረቀት ነው። ለሁለት መቶ ሃምሳ ጆንያ አንድ የመርከብ ወረቀት ቢኖር፣ ለአንድ የስጦታ ጆንያ ደግሞ ሌላ የራሱ ወረቀት ቢኖር፣ ሁለተኛው ለእኔ ስላልቀረበ ስለ እሱ የማውቀው ነገር አይኖርም።» ከዚያ ቀና ብሎ እኛ መኖራችንን አሁን ገና ያየ መሰለ። «ሌላ ምን ልርዳችሁ?»

አክስቴ ምን አለ ምን አለ እያለች እጇን ይዤ ወጣሁ። የመርከብ ድርጅቱ ቢሮ ማሌኮን በሚባለው የወንዝ ዳር ጎዳና ላይ ነው፤ በዚያ ፀሐይ እንደ ልጃገረድ ሮጥኩ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር መሰለኝ። እዚያ ያለችው ሴት ነገሩ አዲስ አልሆነባትም። የድሮዎቹን ወረቀቶች አንድም ሳይቀር ከመለስኩላት ለሁለት ከፍላ ታወጣልኛለች፤ አንዱ ለሁለት መቶ ሃምሳው፣ አንዱ ለስጦታው፤ ሁለቱም ያሉት እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ መሆኑ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ጥያቄዋ እስከ መቼ የሚል ብቻ ነበር። እስከ ነገ አልኳት። አየችኝ። አክስቴ ከቀሚሷ ኪስ ትልቅ ማንጎ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ቀጥላ ትንሿን ጨመረች። አርብ ባንኩ በሩን ሊዘጋ ሲል አዲሱን የመርከብ ወረቀትና አዲሱን ኢንቮይስ፣ ምራቂ የሚል ቃል የሌለበትን፣ ሊቀ ወረቀት እጅ አስገባሁ። «ደርሶኛል» አለና የገባበትን ሰዓት የሚያሳይ ማኅተም መታበት። ፊቱ ላይ ምንም የለም። እኔ ግን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ባንክ ለማንበብ አምስት የሥራ ቀን አለው፤ ሊቀ ወረቀትም ሕግ የሰጠውን ለሰው አይመርቅም። አምስቱንም ቀን ሊያነብ ነው። ሰኞ የካካዎ ዋጋ ወደቀ፤ እንደ ማንጎ ዱብ አለ። ማክሰኞ ደግሞ ወደቀ። ረቡዕ እኔና አክስቴ ባንኩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለ ሽቶው ገባ፤ ከኋላው ዶቶር ኦቶኔሎ።

ሲናገር ድምፁን ዝቅ አላደረገም። የጫንነው ካካዎ ያለፈው ዓመት ነው፣ ሻጋታ አለበት የሚል ወሬ እንደሰማ፣ ገዢው ክፍያው እንዲቆም እንደሚፈልግ ተናገረ። አክስቴ ልትነሳ ስትል ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት።

«ለመሆኑ አንተ ካካዎውን አይተኸዋል?» አለው ሊቀ ወረቀትን።

«አላየሁም።»

«ሳታየው እንዴት ትከፍላለህ?»

«ስላላየሁት ነው የምከፍለው፣ ዶቶር። ማየት ቢኖርብኝ ኖሮ እርስዎ አንድ ነገር ያሳዩኛል፣ እሳቸው ሌላ ነገር ያሳዩኛል፣ እኔ ስመለከት መርከቡ ይደርሳል።»

ዶቶሩ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመና ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። «እሺ፣ ወረቀት ከወደድክ ወረቀት እንነጋገር። መርከቡ ላይ ያለው ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ጆንያ ነው። ራሷ በስልክ ነግራኛለች። ኤልሲው ሁለት መቶ ሃምሳ ይላል። ስለዚህ አይገጥምም።»

ያቺን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ አግዳሚውን ጨበጥኩ። አክስቴ ደግሞ ከጎኔ ስትነፋ ይሰማኛል፤ አዎ፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው ልትል። ዕድሜዋን ሙሉ ምራቂ ሰጥታ ሳትናገር ያለፈችበት ቀን የለማ። ጭኗን ቆነጠጥኳት። አክስቴን! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳደገችኝን ሴት ቆነጠጥኩ፤ እሷም ደንግጣ ቃሏን ዋጠች።

ሊቀ ወረቀት ወረቀቱን ሳበ። ማስመሪያውን አደረገ። አነበበ፤ አልቀለደም፣ እንደ አዲስ ነው ያነበበው፤ እኔ ራሴ ምናልባት ይለወጥ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። «ሁለት መቶ ሃምሳ» አለ።

«መርከቡ ላይ ግን...»

«መርከቡ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የለም።»

«ይሄ ማጭበርበር ነው!»

«እሱ ከባድ ቃል ነው፣ ዶቶር። ማጭበርበር አለ የሚሉ ከሆነ ፍርድ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ዳኛው አምኖበት እንዳትከፍል የሚል ወረቀት ከሰጠዎ ያምጡልኝ፤ አነበዋለሁ።» ለሰውዬው አዝኖ መሰለኝ፣ ጨመረ፦ «በደንብ ነው የማነበው።»

ዶቶር ኦቶኔሎ ሥራ አስኪያጁን ጠራ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ከትልቅ ሰው ጋር መጣላት አይወድም፤ ዶን ኤርሞሄኔስ፣ ለጥቂት ቀን ብናቆየውስ፣ ነገሩ እስኪጣራ አለ። ያን ጊዜ ሊቀ ወረቀት ከወንበሩ ተነሳ። ተነስቶ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ለካ ተቀምጦም ተነስቶም ቁመቱ ያው ነው። ባንኩ እነዚህ ወረቀቶች ከመጡ እከፍላለሁ ብሎ ፈርሟል፤ ወረቀቶቹ መጥተዋል፤ እንግዲህ የሚጣራ ነገር ካለ የባንኩ ፊርማ ነው አለው። በታላቅ ትሕትና ነው ያለው። ሥራ አስኪያጁ ከረቫቱን ነካ ነካ አደረገና ስልክ አለብኝ ብሎ ገባ። ሽቶውም ተከትሎት ሄደ፤ ፍርድ ቤት ግን አልሄደም፤ ሰው በገበያ መውረድ ተናዶ ዳኛ ፊት ምን ይላል?

አርብ ተከፈለን። ማስጫው የአክስቴ ሆኖ ቀረ። ላመሰግነው ስሄድ ሊቀ ወረቀት ግራ ገባው።

«ምን አድርጌ?» አለኝ። «አንዲት ነገር ጎድላ ቢሆን እመልስብዎ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ታዲያማ የማመሰግንህ ለዚሁ ነው አልኩ በሆዴ። አክስቴ ግን ለቪንሴስ ሰው ሁሉ ፍርዷን አድላለች። ያ ሰውዬ ልብ የለውም ትላለች፤ ቢኖረው ኖሮ ያ ሽቶአም ገና ከመምጣቱ ይወስድበት ነበር። ይህን ስትል በኩራት ነው፤ ዘመዷ ይመስል።

በቅርቡ አውራ ጎዳናው ላይ አዲስ ባንክ ተከፍቷል። ማራገቢያ ሳይሆን ማቀዝቀዣ አለው፤ ወረቀት የሚቀበለው ልጅ ጥርሱ ሁሉ ነጭ ነው፤ «ችግር የለም፣ ዶኛ» ይላል ገና ሳትቀመጡ። ዶን አቤላርዶ ወደዚያ ዞሯል፤ ባለ ሙዙ ጎረቤቴም። አንድ ጊዜ ሄድኩ። ልጁ ወረቀቴን እንደ መጽሔት ፈረር አድርጎ ገለጠና ቆንጆ ነው አለኝ፣ ቡና ጋበዘኝ። ቡናውን ጠጣሁ። ከዚያ ወረቀቴን ለቅሜ አመሰገንኩትና ወጣሁ፤ በዚያ ሙቀት ወደ ወንዙ ዳር ወረድኩ፤ ማራገቢያው የጠፋበት ጠረጴዛ ፊት ተሰልፌ ላቤን ጠረግኩ።

ትናንት ከሊቀ ወረቀት ስልክ ተደወለልኝ። የክብደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ከጭነቱ ቀን ጋር አይገጥምም፤ እስከ ሐሙስ ላስተካክለው እችላለሁ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው እህቴ ወረቀት ተመልሶብሽ ምን ያስቅሻል አለችኝ። ምን ልበላት? እድሜዬን ሙሉ ሰው ያወራሁትን በግማሽ ጆሮ ሲሰማው፣ የጻፍኩትን በግማሽ ዓይን ሲያየው ኖሬአለሁ። አሁን ግን በዚህች ከተማ የጻፍኩትን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ ማስመሪያውን ሥሩ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚያነብልኝ ሰው አለኝ።